ያው ነው

በቋንቋችን ውስጥ እንደ «ያው ነው» ብዙ ሥራ የሚሠራ፣ እንደሱም ሳይጠየቅ የሚያልፍ ቃል ያለ አይመስለኝም። ሁለት ዕቃ ይዘን የትኛው ይሻላል ብንል ባለሱቁ «ያው ነው» ይለናል። መንታ መንገድ ላይ ቆመን በየት በኩል ይቀርባል ብንል መንገደኛው «ያው ነው» ብሎን ያልፋል። መንግሥት ሲለወጥ ዕድሜ የጠገቡት አዛውንት ነጠላቸውን አጣፍተው «ያው ነው ልጄ» ይላሉ። ቃሉ አንዳንዴ ትሕትና ነው፤ አንዳንዴ ስንፍና፤ አንዳንዴም ተስፋ መቁረጥ። ለመሆኑ ሁለት ነገሮችን አይተን «ያው ነው» ለማለት ምን ሥልጣን አለን? ልዩነታቸውን አለማወቃችንስ እንዲሁ አለማወቅ ብቻ ነው ወይስ የሚያስጠይቅ ነገር አለበት?

ጥያቄውን በሰው ብጀምረው ገና ከመነሻው ስሜት ይገባበታል። ስለዚህ በዓሣ ልጀምር። ስለ ዓሣ ስንከራከር የማናችንም ቤት አይነካም። ወደ ሰው መመለሳችን ግን አይቀርም።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነጭ ማርሊን የሚባል ትልቅ ዓሣ አለ። የላይኛው መንጋጋው እንደ ጦር ሾሎ ወደ ፊት የወጣ፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርማ፣ መንጠቆ ሲይዘው ከውኃው በላይ እየዘለለ የሚታገል ነው። ገንዘብና ጊዜ ያላቸው ሰዎች በጀልባ ባሕር ገብተው የሚያጠምዱት ሥጋውን ፈልገው ሳይሆን ትግሉን ወድደው ነው። ቱናና ሰይፍ ዓሣ የሚያጠምዱት ነጋዴዎች ደግሞ በረጃጅም ገመድ ላይ በሺህ የሚቆጠር መንጠቆ ሰቅለው ባሕር ላይ ሲዘረጉ ሳይፈልጉት ይይዙታል። ከዚህ የተነሣ ቁጥሩ ክፉኛ እንደ ተመናመነ የባሕር ሳይንቲስቶች ሲናገሩ ኖረዋል። መንግሥታትም በሚያዘው ልክ ላይ ገደብ አበጅተዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያው ባሕር ውስጥ ከነጭ ማርሊን ጋር አንድ የሚመስል ሌላ ዓሣ ይዋኝ ኖሯል። በማዴይራ ደሴት ይኖር የነበረ፣ ሎው የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ ይህን ዓሣ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ገልጾ ጽፎት ነበር። ይሁንና ጽሑፉን ያነበቡት ብዙዎቹ «ይህ ራሱን የቻለ ዘር ይሆን?» ብለው እየተጠራጠሩ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። በ2006 እ.ኤ.አ. የዘር ውርስ ምርመራ ተደርጎ ዓሣው በእርግጥ የተለየ እንደ ሆነ ተረጋገጠ። ስሙም በቅርፊቱ ቅርጽ «ባለ ክብ ቅርፊት ጦር ዓሣ» እንደ ማለት ነው። ነጭ ማርሊን ናቸው ተብለው ሲመዘገቡ ከኖሩት መካከል ቀላል የማይባል ቁጥር ያላቸው ይህ ሁለተኛው ዓሣ ነበሩ።

ሁለቱን በምን ይለዩአቸዋል? ለዓይን ቶሎ የሚታየው ያ ኩሩ ጦርና እንደ ሸራ የተዘረጋው የጀርባ ክንፍ ብዙም አይረዳም። የነጭ ማርሊን ቅርፊት ጠንከርና ሾል ያለ ሲሆን የሌላው ፊቱ ክብ ነው። ሌላው ምልክት ደግሞ በሆዱ በኩል፣ ከጭራው ወዲህ ነው የሚገኘው። የነጭ ማርሊን ፊንጢጣ ከበስተኋላው ካለው የሆድ ክንፍ ሥር ተጠግቶ ሲገኝ የሌላው ራቅ ብሎ ወደ ፊት ይገኛል። ሰው ፎቶግራፍ ሊነሣበት በሚሻው ወገን ልዩነት የለም፤ ልዩነቱ ያለው ማንም ጎንበስ ብሎ ሊያየው በማይፈልገው ቦታ ነው።

አንባቢ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ቢል አልፈርድበትም። ጉዳቱ ግን ትልቅ ነበር። ለዓሥርት ዓመታት «ነጭ ማርሊን ይህን ያህል ቀርቷል» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የሁለት ዘር ድምር ሆኖ ተገኘ። አንደኛው እየጠፋ ሌላው ቢበዛ ድምሩ ደኅና መስሎ ይታያል። የአንዱ መትረፍ የሌላውን ማለቅ ይሸፍናል። መዝገቡ ሁለቱን ለይቶ አልጻፈምና ወደ ኋላ ተመልሶ ማቃናትም ቀላል አይደለም። እንግዲህ «ያው ነው» ማለት ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች የመጀመሪያው ይህ ነው፦ ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም ስንጠራ ከሁለቱ አንዱ ያለ መርዶ ሊሞት ይችላል። ስም የሌለው አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም ጎደለ አይባልም።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለ ማርሊን የምናወራው እንደ ሰው አገር ወሬ ነው። ግን ነገሩ በደጃችንም አለ፤ ያውም በባሰ መልኩ።

ጣና ሐይቅን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቢያንስ በገዳማቱና በዓባይ እናውቀዋለን። ስፋቱ ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱ ግን በአብዛኛው ከዓሥር ሜትር የማይበልጥ ውኃ ነው። ከሐይቁ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለሚያግደው የጣና ዓሦች ከቀሪው የዓባይ ወንዝ ዘመዶቻቸው ተለይተው ለብቻቸው ኖረዋል። ከነዚህ መካከል በአካባቢው ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው ወገን አለ። አምባዛና ቀረሶ ስማቸውን ይዘው ለየብቻ ሲጠሩ ይህ ወገን እንዳለ «ነጭ ዓሣ» ነው። ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አፉ ወደ ላይ የተገለበጠም ይሁን ወደ ታች የተደፋ፣ ከንፈሩ ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ ያው ነጭ ዓሣ ነው።

ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ከጣና ዓሦች የተወሰኑትን ለያይቶ ስም ሰጥቷቸው ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ደግሞ ሌሎች ስሞች ጨመሩ። በ1973 እ.ኤ.አ. ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ የዓሣ ሊቅ በሙዚየም የተቀመጡትን ናሙናዎች መርምሮ እነዚህ ሁሉ በአንድ ዘር ውስጥ ያሉ መልከ ብዙ ዓሦች ናቸው ሲል በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። በመስታወት ዕቃ ውስጥ፣ በአልኮል ተነክሮ፣ ቀለሙ ጠፍቶ፣ አፉ ተከፍቶ የደረቀ ዓሣ ሲታይ አንዱ ከሌላው በመጠኑ እየተለያየ የሚሄድ እንጂ በመሐላቸው ድንበር የሚታይ አይመስልም። በያዘው ማስረጃ ልክ የሰጠው ፍርድ ነበር።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ናኸልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ዓሦቹን በትኩሱ መመልከት ያዙ። ማን በድንጋያማው ዳርቻ ይኖራል፣ ማን በጥልቁ ውኃ፣ ማን ሣር ይበላል፣ ማን ቀንድ አውጣ ይፈጫል፣ ማንስ ሌላ ዓሣ እያሳደደ ይውጣል፣ ማን የት ሄዶ ይራባል ብለው ጠየቁ። «አንድ» የተባለው ነጭ ዓሣ ዐሥራ አምስት ሆኖ ተገኘ። ከዐሥራ አምስቱ ስምንቱ ዓሣ በሎች ናቸው፤ ይህም በመንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው የዚህ ወገን ዓሣ እንግዳ ነገር ነው። ልዩነቱ በሬሳው ላይ ሳይሆን በኑሮው ላይ ነበር። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ አንድን ነገር ከሌላው ለመለየት ምን እንደሚመስል ማየት አይበቃም፤ እንዴት እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል።

የሚያሳዝነው ግን መለየታቸው ከመቀነሳቸው ጋር መግጠሙ ነው። ከነዚህ ዓሦች ሰባት ያህሉ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ እየዋኙ በጠጠሩ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አጥማጅም ይህን ያውቃል። መረቡን ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ ቢዘረጋ ዓሣው ራሱ ይመጣለታል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የተሻለ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ዓላማውም ድኻውን አጥማጅ መርዳት ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያና በዐሥርቱ ማብቂያ የተደረጉት ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በሐይቁ ውስጥ የሚራቡት ግን እንዲህ አልሆኑም። ሁሉም «ነጭ ዓሣ» ተብለው ቢቆጠሩ ኖሮ የነዚያ ጉዳት በነዚህ መኖር ይሸፈን ነበር።

ከዚህ የባሰውን በሰው አገር አይተናል። በፊሊፒንስ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ሁሉ ከአንድ ወገን የተገኙ፣ ግን የተለያዩ፣ በሌላ ዓለም የማይገኙ ዓሦች ነበሩት። በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከነዚህ ዐሥራ አምስቱ ፈጽሞ መጥፋታቸውን ዐወጀ። ስለዚህም የጣናዎቹ የዚህ ዓይነት ዓሦች በዓለም ላይ የቀሩ ብቸኛ መንጋ ናቸው ይባላል።

በአንድ የፍልሰታ ሰሞን ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንችስ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ገብቼ ዓሣ ጥብስ አዘዝሁ። አስተናጋጁን «የምን ዓሣ ነው?» አልሁት።

«ዓሣ ነዋ ጋሼ! ትኩስ ነው።»

«የጣና ነው ወይስ የዝዋይ?»

«ያው ነው ጋሼ፤ ሁሉም ይጣፍጣል» ብሎ ሎሚና አዋዜ ሊያመጣ ሄደ።

ልጁ ዋሸ? አልዋሸም። ለምላስ ያው ነው። ሎሚ ተጨምቆበት፣ አዋዜ ተቀብቶ፣ በዘይት ተጠብሶ ለቀረበለት ሰው የትኛው ውኃ ውስጥ ይዋኝ እንደ ነበር ምንም አይለውጥም። አንድ ኩንታል ጤፍና አንድ ኩንታል ስንዴም ለተሸካሚው ያው ናቸው፤ ሁለቱም መቶ ኪሎ ናቸው። ለጋጋሪዋ ግን ያው አይደሉም። እንግዲህ «ያው ነው» በራሱ እውነትም ሐሰትም አይደለም፤ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ነው። ሊያልቅ የሚችለው «ለምኑ?» የሚለው ሲመለስለት ነው። ለሸክም ያው ነው። ለጥብስ ያው ነው። ለመኖርና ለመጥፋትስ? እዚህ ላይ ልጁም እኔም መልሱን አልያዝንም፤ ሹካው ግን በእጄ ነበር።

ሁለት ነገሮች አንድ ናቸው ወይስ ሁለት ብለን ለመጠየቅ የምንገደደው ልናደርግ ባሰብነው ነገር መጠን ነው። የምናደርገው ነገር ሊመለስ የሚችል ከሆነ ስሕተቱ ይታረማል፤ ጤፍ ያልነው ስንዴ ቢሆን መልሰን እንሸጠዋለን። የማይመለስ ነገር ልናደርግ ስንነሣ ግን «አልለየሁትም ነበር» ማለት ሰበብ አይሆንም። የአሜሪካ አጥማጆች ስለዚህ ያላቸው አባባል አጭር ነው፤ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «ካላወቅኸው ልቀቀው» ማለት ነው። የያዝኸው ዓሣ የተፈቀደው ይሁን የተከለከለው መለየት ካቃተህ ወደ ውኃው መልሰው። የጥርጣሬው ጥቅም በመንጠቆው ጫፍ ላለው እንጂ መንጠቆውን ለያዘው አይደለም።

የእኛ ተረት ደግሞ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል። ተረቱ የሚያስፈራራው ጎርጓሪውን ነው፤ ሳታውቅ የነካኸው መልሶ ይነክስሃል እያለ ነው። የአሜሪካኖቹ አባባል ግን የሚያስበው ስለ ተጎርጓሪው ነው። ሁለቱም ጥንቃቄ ያስተምራሉ፤ የሚጠነቀቁለት ግን የተለያየ ነው። ለራስ መጠንቀቅ ብልኅነት ሊባል ይችላል። ግብረ ገብ የሚጀምረው ግን ለሌላው መጠንቀቅ ሲመጣ ይመስለኛል።

እስከዚህ ድረስ የተስማማኝ አንባቢ አሁን አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊያነሣብኝ ይችላል። «አንተ መለየትን እንደ በጎ ነገር ታወድሳለህ። በዚህ አገር ግን ደም ያፈሰሰው አለመለየት ነው ወይስ መለየት? ‹ይህ የእኛ ነው፤ ያ የእነሱ ነው› መባባል አይደለም ወይ የፈጀን?» ቢለኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም ለመፈለግ ከዚያው ከመስቀል አደባባይ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

አደባባዩ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ እየወረወሩ የሰበሩትና የጠላት ደም እንደዚህ ይፈስሳል ያሉት እዚሁ ላይ ነው። በዚያ ወቅት ከተማዋ ውስጥ ከሩቅ ለሚያያቸው አንድ የሚመስሉ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ፤ ኢሕአፓና መኢሶን። ሁለቱም ከተማሪው ንቅናቄ የወጡ ናቸው። ሁለቱም ማርክስንና ሌኒንን ያነባሉ። ሁለቱም ሶሻሊዝምን ይሻሉ። የአንዱ አባል የሌላው አባል የክፍል ጓደኛ፣ አንዳንዴም የእናት ልጅ ነበር። ልዩነታቸው አንደኛው ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ሲል፣ ሌላው ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ መስጠት ይሻላል ማለቱ ነበር። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ቁም ነገርም ነው። ግን በዚህ ልዩነት ተገዳደሉ። መኢሶንም በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ተለይቶ ሲወጣ በተራው ይታደን ጀመር።

ታዲያ ይህ የመለየት ውጤት አይደለም ወይ? እኔ አይደለም እላለሁ። ቋንቋችን ለዚህ ሁለት ቃላት አሉት፤ መለየትና መፈረጅ። ከላይ ሲታዩ እነዚህም እንደ ሁለቱ ዓሦች ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ይህን ከዚያ ይከፍላሉ። ጠባያቸው ግን ተቃራኒ ነው። መለየት እያዩ መቆየት ነው፤ መፈረጅ ማየትን ማቆም ነው። የሚለይ ሰው የያዘውን አገላብጦ ያያል፤ እንዴት እንደሚኖር ይጠይቃል፤ ነገ ሌላ ምልክት ቢያገኝ ሐሳቡን ይለውጣል። የሚፈርጅ ሰው ስም ይለጥፋል፤ ስሙ ከተለጠፈ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም። «አናርኪስት» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን ሠራ? ታጥቆ የሚዋጋውን፣ በራሪ ወረቀት የበተነውን፣ ወረቀቱን መንገድ ላይ አንሥቶ ያነበበውን፣ ጥይት ሲሰማ የሮጠውንና በሐሜት የተጠቆመውን በአንድ መረብ ጠቅልሎ ያዘ። በሌላው ወገን «ባንዳ» የሚለው ቃል እንዲሁ አደረገ። እንግዲህ መፈረጅ ከውጭ ሲታይ መለየት ይመስላል እንጂ በውስጡ ያው የ«ያው ነው» ልጅ ነው። «እነዚህ ሁሉ ያው ናቸው» የሚል ፍርድ ነው።

ስንዴንና እንክርዳድን በሚመለከትም ቋንቋችን አንድ ነገር ሳያጣምም አልቀረም። በስብሰባና በግምገማ «ስንዴውን ከእንክርዳዱ እንለይ» ሲባል እንሰማለን፤ ይህ ሲባል የሚነቀል ሰው እንዳለ ሁላችንም እንረዳለን። እንክርዳድን የሚያውቅ ገበሬ ግን ለጋ ሳለ ከስንዴው መለየት አስቸጋሪ እንደ ሆነና በውል የሚለየው ሲያፈራ መሆኑን ይነግረናል። በወንጌል ያለው ምሳሌም የሚለው ይህንኑ ነው። አገልጋዮቹ እንክርዳዱን እንንቀል ሲሉ ባለቤቱ ከለከላቸው፤ ስንዴውንም አብራችሁ እንዳትነቅሉ ብሎ ፈራላቸው። እስኪታጨድ አብረው እንዲያድጉ ተወ። እኛ ግን ምሳሌውን ገልብጠን ለመንቀያ አደረግነው። ባለቤቱ ልዩነት የለም አላለም፤ እናንተ በዚህ ሰዓት በዚህ ዓይን አትለዩትም ነው ያለው። ካላወቅኸው ልቀቀው ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ በዚያው አደባባይ ጎን በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የወጣቶች ናቸው፤ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ካሜራ ፊት የቆመ ልጅ ቁም ነገረኛ ፊት። ፈጠን ብሎ ለሚያልፍ ጎብኚ ሁሉም ይመሳሰላሉ። እናት ግን ቆማ ከመካከላቸው አንዱን ታያለች። ከደርግ ውድቀት በኋላ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መጥተው በልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሥር በጅምላ ከተቀበሩት አንዳንዶቹን አጽም በማውጣት ሥራ ረድተው ነበር። ሥራቸው አንዱን አጥንት ከሌላው መለየት፣ ይህ የዚያ ነው ማለት፣ ስም የተነፈገውን ወደ ስሙ መመለስ ነበር። ገዳዮቹ በአንድ ጉድጓድ አንድ ላይ ጨምረው «ያው» ያደረጓቸውን ባለሙያዎቹ ተንበርክከው በብሩሽ ለያዩአቸው። መለየት ፍቅር የሚሆንበት ቦታ አለ ብል ማጋነን አይመስለኝም። ነገር ግን የመጣው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ተንበርክኮ ማየት ከመግደል በፊት ቢሆን ኖሮ ብሩሹ ባላስፈለገ።

ሁለተኛውን ተቃውሞ የሚያነሣብኝ ደግሞ የጉማራው አጥማጅ ነው፤ ይህኛው ከፊተኛው ይከብደኛል። «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ካላወቅኸው ልቀቀው ትለኛለህ። እኔ የለቀቅሁ እንደ ሆነ ልጆቼ ማታ ምን ይበላሉ? ባሕር ላይ ለጨዋታ የሚያጠምደው ባለጠጋ ቢለቅ የሚቀርበት ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ እኔ ብለቅ የሚቀርብኝ እራት ነው» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ጥርጣሬ ዋጋ አለው። የመጠንቀቅን ዋጋ ሁልጊዜ ድኻው ብቻ እንዲከፍል የሚያደርግ ግብረ ገብ ግብረ ገብ አይባልም፤ የጠገበ ሰው ስብከት ነው።

ስለዚህ ሕጉ በሁላችንም ላይ እኩል አይወድቅም። ዋጋውን አስቀድሞ መክፈል ያለበት መክፈል የሚቀለው ነው። ዓሦቹ ወደ ወንዝ በሚወጡባቸው ጥቂት የክረምት ሳምንታት የወንዙ አፍ ከመረብ ነጻ እንዲሆን የሚያዝዝ መንግሥት ለነዚያ ሳምንታት አጥማጁ የሚተዳደርበትን አብሮ ማሰብ አለበት። እኛ የከተማ በሎች ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይመለከተናል። ዓሣ ከሚፈቅዱት ጾመኞች መካከል የምንገኝ ሰዎች ልብ እንበል፤ ፍልሰታ የሚጾመው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። የጣና ዓሦች እንቁላል ሊጥሉ ሽቅብ የሚዋኙትም በዚሁ ክረምት ነው። ሥጋ ትተን ለነፍሳችን ስንል የምናዝዘው ሳህን የአንድ ዘር የመጨረሻ እናቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን የምለው ማንንም ለመኮነን አይደለም፤ ሳህኑ ላይ ያለው «ዓሣ» ብቻ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

«እንዲህ ሁሉን ነገር አጣርተን ልንኖር ነው ወይ? ሕይወት እኮ አጭር ናት» የሚልም አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ ሁሉን ለይቶ የሚጨርስ ሰው የለም፤ ጠረጴዛን ወንበርን አንድ በአንድ እየመረመረ የሚውል ሰው እብድ ይባላል። «ያው ነው» ባይኖር ቀኑ አይመሽም ነበር። ስለዚህ ቃሉን ከአፋችን እናጥፋው አልልም። የምጠይቀው ልክ እንዲኖረው ብቻ ነው። ዕቃ ሲሆን ያው ይሁን። መንገድ ሲሆን ያው ይሁን። ልንበላው፣ ልናስረው፣ ልናባርረው ወይም ልንቀብረው ስንነሣ ግን ቃሉ ጉሮሯችን ላይ ቢቆም፣ በሱም ፋንታ «እስቲ ላገላብጠው» የሚል ቢወጣ ምን ይጎዳናል?

በመስከረም 16 የደመራ ዕለት አደባባዩን ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ትልቅ ነጠላ የተዘረጋ ይመስላል። ግሩም እይታ ነው፤ ስሕተትም የለበትም። ከዚያ ርቀት ሆኖ ሕዝቡን መውደድ ይቻላል፤ ደመራውም ሲለኮስ አብሮ ማጨብጨብ ይቻላል። ከዚያ ርቀት ሆኖ መፍረድ ግን አይቻልም። ለመፍረድ የሚሻ ሰው ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዶ ፊት ለፊት መቆም አለበት፤ ያን ጊዜ ነጠላው ወደ ሰዎች ይለወጣል። እንደ ወረደም አንዳንዱን መለየት ሊያቅተው ይችላል። ያን ጊዜ ማድረግ ያለበትን ካነሣሁት የዓሣ ወሬ ላይ ያገኘዋል።